ራፕ ባላድ ምንድን ነው?

ራፐር ሲባል ቶሎ ጆሯችን ላይ የሚመጣው ፉከራ ነው። ማን ይችለኛል፣ ማን ይደርስብኛል። ሂፕሆፕ ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ ሲያድግም ማይክ የጨበጠ ልጅ ሌላውን በልጦ መታየት ነበረበት። ራፕ ባላድ የሚባለው ያው ፎካሪ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለሚወዳት ሴት፣ ስለ ናፍቆቱና ስለ ፍርሃቱ የሚያወራበት ዘፈን ነው። ምቱ ዘገም ይላል፣ ከበሮው ይለዝባል። ብዙ ጊዜ አዝማቹን ዘፋኝ ይይዘዋል።

ነገሩን በሰፊው ያስተዋወቀው የኤልኤል ኩል ጄይ «አይ ኒድ ላቭ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ወጣ። ልጁ ገና 19 ዓመቱ ነበር፣ እስከዚያ የሚታወቀውም በጉራው ነው። እዚህ ግን ገና ሲጀምር ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ሆኖ ግድግዳ ያያል። አጃቢ የለ፣ ጭብጨባ የለ። ከስር ለስላሳ ኪቦርድ እየሄደ፣ ሹክ እንደማለት ባለ ድምፅ ፍቅር እንደጎደለው ይናገራል። ቢልቦርድ በሚባለው የአሜሪካ መጽሔት የጥቁር ሙዚቃ ሰንጠረዥ 1ኛ ወጣ።

ለዚህ ስሜት አማርኛ ግሩም ቃል አለው፦ መሳሳት። ጨርቅ ሲያረጅ ይሳሳል። ሰውም ለሚወዳት ይሳሳል፤ «እሳሳላታለሁ» ይላል። ፍቅሩም፣ በቀላሉ መቀደዱም እዚያው አንድ ቃል ውስጥ አሉ። ጥሩ ራፕ ባላድ ስሰማ የምፈልገው ይሄንን ነው። ስለ ሴቲቱ ቁመናና ስለገዛላት ቦርሳ የሚደረድር ራፕ፣ ምቱ ስለለሰለሰ ብቻ እዚህ አይገባም። ሰውዬው አሁንም እየፎከረ ነው።

በኔ ጆሮ ከሁሉም የሚበልጠው የ«ሜተድ ማን» ዘፈን ነው። ሻካራ ድምፅ ያለው፣ ዉ-ታንግ ክላን ከሚባለው ኃይለኛ ቡድን የወጣ ራፐር ነው። በ1995 ከሜሪ ጄ ብላይጅ ጋር ማርቪን ጌይና ታሚ ቴሬል በ1968 የተጫወቱትን የፍቅር ዘፈን አዝማች ይዞ መጣ። ሜሪ ትዘፍናለች፣ እሱ ይናገራል። አንድ ቦታ ላይ ነገር ሁሉ በጨለመበት ጊዜ ጀርባውን እያሻሸች «አይዞህ» ያለችውን ያስታውሳል። ያቺ ስንኝ ሁሌም አንጀቴን ትበላኛለች። ያ ሁሉ ጎረምሳነት የት ሄደ? እቅፏ ውስጥ ነው። የሚያባብለው ሰው እንደሚያስፈልገው በሕዝብ ፊት አመነ። ዘፈኑ የግራሚ ሽልማት ወሰደ።

በኋላ መንገዱ ሰፋ። ካንዬ ዌስት እናቱን አጥቶ፣ ከእጮኛውም ተለያይቶ በ2008 ሙሉ አልበም በሐዘን ሠራ። ድሬክ በ2011 «ቴክ ኬር» የሚለውን አልበሙን ሲያወጣ፣ ቶሮንቶ ተወልዶ አማርኛ እየሰማ ያደገው የኛው አቤል ተስፋዬ፣ ዘ ዊኬንድ፣ አብሮት ነበር።

በ2017 ደግሞ ራፐሩ ጄይ-ዚ በ47 ዓመቱ ሚስቱን ቢዮንሴን ይቅርታ ጠየቀ። የዘፈኑ ስም «4:44» ነው። በዚያ ሰዓት ከእንቅልፉ ባንኖ እንደጻፈው ተናግሯል፤ በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ44 መሆኑ ነው። በድያለሁ ይላል፣ ዘግይቼ በሰልኩ ይላል። ድምፁ የሚከብደው ግን ልጆቹ ጋ ሲደርስ ነው፤ አድገው ያደረገውን ያወቁ ዕለት በምን ዓይኑ እንደሚያያቸው ያስጨንቀዋል።