«ኢንተርኔት ከሠራ ማስኩ ልክ ነው» እና ሌሎች የሰብኔት ተረቶች

ኔትወርክ የሚሠሩ ልጆች ላፕቶፕ ላይ ከማይጠፉ ነገሮች አንዷ አይፒካልክ ናት። የሊኑክስ ተርሚናል ላይ የምትሠራ ትንሽ ፕሮግራም ነች፤ የአይፒ አድራሻና ማስክ (ኔትወርኩ እስከ የት እንደሆነ የሚወስነው ቁጥር) ስትሰጧት የሰብኔቱን፣ ማለትም የዚያን የኔትወርክ ክፍል፣ ወሰን ታሰላለች። ስሟ በላቲን ትናንሽ ፊደላት ነው የሚጻፈው፤ እዚህ ግን በእኛው ፊደል እንሂድ።

አይፒካልክ 192.168.10.77/26 ብላችሁ ኢንተር ስትጫኑ መልሱ ወዲያው ይመጣል። /26 የሚለው ማስክ በሌላ አጻጻፉ 255.255.255.192 ነው። ኔትወርኩ ከ192.168.10.64 ይጀምራል፤ ብሮድካስቱ (ለሁሉም መሣሪያ በአንዴ የሚላክበት አድራሻ) 192.168.10.127 ነው። ለመሣሪያ የሚሰጡት ከ65 እስከ 126 ያሉት ናቸው፤ 62 አድራሻ። ሥራዋ ይኸው ነው። ስለ እሷና ስለ ማስክ የሚወራው ግን ብዙ ነው።

«እንዳትነካው፣ ኔትወርኩን ታበላሻለህ!»

ምንም አታበላሽም። አይፒካልክ ታሰላለች እንጂ አንድም ሴቲንግ አትቀይርም። ኬብሉን ነቅላችሁ፣ ዋይፋዩን አጥፍታችሁም ትሠራለች። የባለሱቁ ሂሳብ ማሽን ካዝናው ውስጥ ያለውን ብር አይነካም አይደል? እንደዚያው ነው።

በተቃራኒው በኩልም የሚሳሳት አለ። «65 መጀመሪያ ላይ ወጥቷል፣ እንግዲህ ለእኔ ኮምፒውተር ልስጠው» ይላል። አይፒካልክ 65 ነፃ ነው አላለችም። ብዙ ቦታ የመጀመሪያውን አድራሻ የሚይዘው ኔትወርኮችን የሚያገናኘው ራውተሩ ራሱ ነው።

«ከስላሹ በኋላ ያለው ቁጥር ሲበልጥ ኔትወርኩ ይሰፋል»

ተገላቢጦሽ ነው። አንድ የአይፒ ቪ4 አድራሻ (እስካሁን ያየነው ዓይነት) 32 ቢት፣ ማለትም 32 የ0 ወይም የ1 ቦታ፣ አለው። ስላሽ 26 ማለት 26ቱን ቢት ኔትወርኩ ወሰደ፣ ለመሣሪያዎች 6 ቀረ ማለት ነው። በ6 ቢት 64 አድራሻ ይወጣል። ሁለቱ ለኔትወርኩና ለብሮድካስቱ ሲቀነሱ 62። ስላሽ 25 ላይ 128፣ ስላሽ 24 ላይ 256፣ ስላሽ 23 ላይ 512። ቁጥሩ በአንድ በቀነሰ ቁጥር ቦታው እጥፍ ይሆናል።

«በ192 የሚጀምር ሁሉ ማስኩ 255.255.255.0 ነው»

ይህ የክላስ ኤ፣ ቢ እና ሲ ዘመን ትዝታ ነው፤ ያኔ ማስኩ የሚታወቀው ከአድራሻው መጀመሪያ ቁጥር ነበር። ያ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1993 በሲአይዲአር፣ ማለትም ማስኩ በስላሽ ለብቻው በሚገለጽበት አሠራር፣ ተተክቷል። ክፍል ውስጥ ግን አሁንም እንደ አዲስ ይሰጣል። እውነት ለመናገር አይፒካልክም ከደሙ ንፁህ አይደለችም። ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ያለችው እስከ ዛሬ «ክላስ ኤ»፣ «ክላስ ሲ» እያለች ትጽፋለች። ማስክ ሳትሰጧት 10.0.0.1 ብቻ ብትሏት ደግሞ ከራሷ ስላሽ 24 አድርጋ ታሰላለች። አውቃ አይደለም፣ ገምታ ነው። ሁልጊዜ ማስኩን ጻፉላት።

«በ0 ወይም በ255 የሚያልቅ አድራሻ ለመሣሪያ አይሰጥም»

በኔትወርኩ ስፋት ይወሰናል። 10.0.0.0/23 ላይ 10.0.0.255ም ሆነ 10.0.1.0 እንደማንኛውም አድራሻ ናቸው፤ መሐል ላይ ነው ያሉት። ሁለት ራውተር ብቻ በሚያገናኝ መስመር ላይ ደግሞ ስላሽ 31 ተጠቅሞ ሁለቱንም አድራሻ መስጠት ይቻላል። አርኤፍሲ 3021 የሚባለው የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ ይህን የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው።

«ኢንተርኔት ከሠራ ማስኩ ልክ ነው»

ይህቺኛዋ ግማሽ ቀን አስከፍላኛለች። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ጸሐፊዋ ደወለችልኝ፦ «ወንድሜ፣ ኢንተርኔቱ ጥሩ ነው፤ ፕሪንተሩ ብቻ ነው እምቢ ያለኝ።» እኔም ፕሪንተሩ ላይ ዘመትኩ። አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ኬብል ቀየርኩ፣ ድራይቨር ደግሜ ጫንኩ። ወይ ፍንክች!

ቢሮው በስላሽ 26 ለአራት የተከፈለ ነበር። የእሷ ኮምፒውተር 192.168.10.77፣ ፎቅ ላይ ያለው ፕሪንተር 192.168.10.130። ኮምፒውተሩ ላይ ግን አንድ ሰው በልማድ 255.255.255.0 ሞልቷል። (ያ ሰው እኔ ልሆን እችላለሁ፤ አንመርምረው።)

ማስክ ለኮምፒውተሩ «ግቢህ እስከዚህ ነው» የሚለው ነገር ነው። ተቀባዩ ግቢ ውስጥ ከሆነ ራሱ ያደርሳል፤ ውጭ ከሆነ ለጌትዌዩ፣ ወደ ውጭ ለሚያወጣው ራውተር፣ ይሰጣል። የውጭ ድረ ገጽ በየትኛውም ማስክ ውጭ ስለሆነ ወደ ጌትዌዩ ሄደ፤ ሠራ። 130ን ግን ኮምፒውተሩ ግቢዬ ውስጥ ነው ብሎ አመነ። «130 ማነው?» እያለ እዚያው ይጣራል። ፕሪንተሩ ሌላ ግቢ ነው፤ አይሰማውም። ኋላ 192.168.10.130/26ን አይፒካልክ ላይ ስጽፈው ኔትወርኩ 192.168.10.128 ነው አለችኝ። ማስኩን ወደ 255.255.255.192 ቀየርኩ፤ ወረቀቱ ወጣ።

እግረ መንገዴን፦ ማስክ ከፓኬቱ (ከሚላከው የመረጃ ጥቅል) ጋር አብሮ አይጓዝም። የጥቅሉ መግለጫ በሆነው የአይፒ ሄደር ላይ የላኪና የተቀባይ አድራሻ እንጂ የማስክ ቦታ የለም። ስለዚህ ሌላኛው ወገን ስህተታችሁን አይቶ አያርማችሁም።

«በ172 የሚጀምር ሁሉ የግል አድራሻ ነው»

የግል፣ ማለትም ለውስጥ ኔትወርክ ብቻ የተተወው፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያለው ብቻ ነው። 172.32 የሰው ነው።

«አይፒካልክ ያው አይፒካልክ ነው»

አንድ ስም ያላቸው ሁለት ፕሮግራሞች አሉ። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ የምታገኙት ክሪሻን ዮዲስ በፐርል ቋንቋ የጻፈው ነው። ፌዶራና ሬድ ሃት በሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ያለው ሌላ ነው፤ የሚያወጣው ጽሑፍም፣ የሚቀበለው ትእዛዝም ይለያል።

ለምሳሌ ኡቡንቱ ላይ አይፒካልክ 192.168.10.0/24 ብላችሁ፣ ቀጥሎ ሰረዝ እና ኤስ (-s)፣ ከዚያ 100 50 20 ጻፉ። ኔትወርኩን ለሦስት ክፍል ትሸነሽንላችኋለች። ለ100ው ስላሽ 25፣ ለ50ው ከ128 የሚጀምር ስላሽ 26፣ ለ20ው ከ192 የሚጀምር ስላሽ 27። ከ224 ጀምሮ ያለው ትርፍ መሆኑንም ትናገራለች። በጣም የምወድላት ይህን ነው።

ፌዶራ ላይ ግን ያቺው ሰረዝ ኤስ ትርጉሟ «ስህተት ቢኖር እንኳ ዝም በይ» ነው። እዚያ ስትሞክሯት ጭጭ ካለች አኩርፋ አይደለም።