«የቆዳ ካንሰር ክትባት» ምንድን ነው?

«ክትባቱ ተገኝቷል፤ ልጆቻችንን መቼ ነው የምናስከትበው?» አሁንም አንዱ ጽፎት አየሁ። ወንድሜ፣ ልጆችህን አታስከትብም። ይህ ክትባት የተሞከረው ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ይዞት ዕጢው በቀዶ ሕክምና በወጣለት ሰው ላይ ነው፣ ካንሰሩ እንዳያገረሽበት። ለአንዱ የተሠራውም ለሌላው አይሆንም።

ጠላ ቤት አስቡ። በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ያየ ሰው ጓዳ ሳይገባ ጠላ እንዳለ ያውቃል። ሴሎቻችንም ውስጣቸው ካለው ፕሮቲን ቁራጭ ቁራጩን ደጃቸው ላይ ይሰቅላሉ። ቲ ሴል የሚባለው የሰውነት መከላከያ ሴል የሰፈሩ ዘብ ነው፤ ጓዳ አይገባም፣ ጣሳውን አይቶ ይፈርዳል። ፀሐይ ዘረመሉን ያበላሸችበት የሜላኖማ ሴል የተጣመመ ጣሳ ይሰቅላል። ጥመቱ ከዕጢ ዕጢ፣ ኤችኤልኤ የምንለው እንጨቱ (ቁራጩን የሚሰቅለው ፕሮቲን) ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። ክትባቱ የዚያን አንድ ሰው ጠማማ ጣሳዎች፣ እስከ 34 ድረስ፣ በኤምአርኤንኤ፣ ማለትም ለሴል የፕሮቲን መሥሪያ መመሪያ በሚያደርስ ሞለኪውል፣ ሥሎ ለዘቡ ያሳያል። አንዳንድ ዕጢ ታዲያ ጣሳውን ያወርዳል፤ ያኔ ሥዕሉ ምን ይረባል? ሌላው ሰቅሎት ይቆይና ዘቡን በር ላይ አጠጥቶ ያፈዘዋል። ክትባቱ ፔምብሮሊዙማብ ከሚባለው መድኃኒት ጋር የተሞከረውም ለዚህ ነው፤ መድኃኒቱ ዘቡን ከጠላው ይከለክላል።

«የማኅፀን ጫፍ ካንሰር ክትባትስ ለልጃገረዶች ይሰጥ የለም እንዴ?» ይሰጣል፤ እሱ ግን የሚከላከለው ቫይረስን ነው። ቫይረስ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነው፤ በየሰው ቤት የሚገባውም ያው ስለሆነ አንዱ ክትባት ለብዙ ሰው ይሆናል።

ክትባቱ ከሕሙማኑ «44 በመቶውን አዳነ» እየተባለ የሚወራውም ስህተት ነው። የመድኃኒት ኩባንያዎቹ ሞደርናና መርክ 157 ሕሙማን ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ፔምብሮሊዙማብ ብቻ ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸር፣ የማገርሸት ወይም የሞት አደጋ ነው 44 በመቶ የቀነሰው። በ18ኛው ወር ካንሰሩ ሳያገረሽባቸው የቆዩት በክትባቱ 79 በመቶ ገደማ፣ ያለሱ 62 ነበሩ። ደስ ይላል፤ ሙከራው ግን ትንሽ ነው።

ፓቶሎጂስት፣ ማለትም ከሕሙማን የተወሰደ ሥጋ በማይክሮስኮፕ የምመረምር ሐኪም ነኝና ይቺን ሳልናገር አላልፍም። በማይክሮስኮፕ ሳይ ሊምፎሳይቶች (ቲ ሴልን የሚጨምሩት ነጭ የደም ሴሎች) ዕጢው ዳር እንደ ጥቁር አዝሙድ ተበትነው አገኛለሁ፤ መገኘታቸው ግን ሥራ ላይ ናቸው ማለት አይደለም። ደግሞም እንደ እኛ ባለ ጥቁር ቆዳ ላይ ሜላኖማ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ውስጥ እግር ወይም ጥፍር ሥር ነው። እሱ የፀሐይ ሥራ ስላልሆነ የዘረመል ለውጡ ያነሰ ነው፤ የሚሳለው ጠማማ ጣሳም እንዲሁ። ፀሐይ ባመጣችው ሜላኖማ የታየውን ውጤት ወደ እግሩ እንዳለ አትገልብጡት።