ከባሕር ዳር ወጥቶ ፓይለትነት መማር

ባሕር ዳር ያደገ ልጅ አውሮፕላን ብርቁ አይደለም። ማረፊያው ከከተማው በስተምዕራብ፣ ከጣና ብዙም ሳይርቅ ነው። በፊት ግንቦት 20 ይባል ነበር፤ አሁን በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም ይጠራል። አዲስ አበባ በመኪና ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ ከዚህ ሲበሩ ግን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ታዲያ ፓይለት መሆን የሚመኝ ልጅ በከተማችን ቢበዛ አይገርምም።

አገር ቤት ያለው መንገድ የቆየ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ሲመሠረት አብራሪዎቹ አሜሪካውያን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1957 ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆነው አበረሩ። እ.ኤ.አ. በ1964 አየር መንገዱ የራሱን የአብራሪዎች ማሠልጠኛ ከፈተ፤ ዛሬ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ተማሪ ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ2010 አምሳለ ጓሉ የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነች። ማሠልጠኛው መግባት ያልተሳካለት፣ ወይም ቤተሰቡ አቅም ያለው ልጅ ነው ወደ ውጭ የሚያየው። ደቡብ አፍሪካ፣ ኬንያ፣ አሜሪካ ስማቸው ይነሳል። ናይሮቢ ውስጥ የበረራ ትምህርት ቤቶቹ የከተሙት ዊልሰን ማረፊያ ነው። ወደ አሜሪካ የሚሄድ ደግሞ ከቪዛው ሌላ የአሜሪካ መንግሥት የደኅንነት ማጣሪያ ይጠብቀዋል።

ከሁሉ በፊት ግን የጤና ምርመራ ነው። አንደኛ ክፍል የሚባለውን የሕክምና ማረጋገጫ ሳይዙ ክፍያ መጀመር ትልቅ ስህተት ነው። ዓይን፣ ጆሮ፣ ልብ ይታያል። መነጽር ያደረገ ፓይለት አይሆንም የሚባለው ወሬ እውነት አይደለም፤ በመነጽር የሚስተካከል ዕይታ በራሱ አያስቀርም። ቀለም መለየት አለመቻል ግን ከባድ ችግር ነው።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር የሚለካው በበረራ ሰዓት ነው። የግል አብራሪነት ፈቃድ ቢያንስ 40 ሰዓት ገደማ ይጠይቃል። ተከፍሎት ለማብረር የሚያስችለው የንግድ አብራሪነት ፈቃድ በዓለም አቀፉ መለኪያ 200 ሰዓት ነው፤ በተቀናጀ፣ ማለትም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ትምህርት ቤት ያለማቋረጥ በሚሰጥ ሥልጠና 150 ይበቃል። አሜሪካ ውስጥ እንደ ትምህርት ቤቱ ዓይነት 250 ወይም 190 ይሆናል። የአየር መንገድ ካፒቴን የሚያደርገው ፈቃድ 1,500 ሰዓት ይፈልጋል። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህን ክፍተት ነው። ልጁ ተመርቆ ሲመጣ 200 ሰዓት ገደማ ይዞ ነው የሚመጣው፤ የቀረውን የሚሞላው ሥራ ካገኘ ነው።

ትምህርቱ እንደሚታሰበው በትልቅ አውሮፕላን አይጀመርም። የሚጀመረው እንደ ሴስና 172 ባለች ትንሽ አውሮፕላን ነው፤ አራት ሰው የምትይዝ ባለአንድ ሞተር ናት። ተማሪው ማለዳ ከክንፉ ሥር በትንሽ ግልጽ ዕቃ ነዳጅ ይቀዳል። ወደ ብርሃን አንስቶ ያየዋል። ውኃ ካለበት ከታች ይዘቅጣል። ንጹሕ እስኪሆን ደጋግሞ ይቀዳል። ሞተር የሚነሳው ከዚህ በኋላ ነው።

ወጪው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። በብር ያጠራቀመ ወላጅ ያኔ ሒሳቡ ሁሉ ተዛባበት።

ውጭ የተማረ ልጅ ጣና ዳር ሲመለስ የሚያገኘው አየርም ሌላ ነው። የእኛ ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ሳሳ ስለሚል አውሮፕላን ለመነሳት ረጅም መንደርደር ያስፈልገዋል። ፍሎሪዳ በባሕሩ ጠርዝ የሠለጠነ ልጅ ይህን እንደገና ይለማመዳል። ወፎችም አሉ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ የተነሳ ቦይንግ 737 የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገባበት። ለመመለስ ሲሞክር ሞተሮቹ ጠፉ፤ ያለጎማ አርፎ በእሳት ተያያዘ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ።

የውጭ ፈቃድ እዚህ እንዲሁ አያሠራም። የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን መርምሮ ሊቀበለው ይገባል። አንዳንዶች ሂደቱ ፈጣን ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ወራት ወሰደብን ይላሉ። ሰዓቱ የሚታየው በሎግ ቡክ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ በረራ ከነቀኑ ተጽፎ፣ አስተማሪው ፈርሞበት። ስለዚህ ሲመለሱ ሎግ ቡክ በጭነት ሻንጣ አይከተትም፤ በእጅ ይያዛል።