የክሎሮፕላስት ዲኤንኤ አወቃቀር ምንድን ነው?

መንዝ ላይ ገብስ የተዘራበት ማሳ በሚቀጥለው ዓመት ባቄላ ይዘራበታል። የሁለቱንም ቅጠል አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፕላስት በኒውክሊየስ ካለው የተለየ የራሱ ዲኤንኤ አለው። የገብሱና የባቄላው ግን አወቃቀራቸው ይለያያል።

በማጣቀሻነት የተያዘው የገብስ ክሎሮፕላስት ዲኤንኤ ርዝመቱ 136,462 ጥንድ ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደላት ጥንድ) ሲሆን በአራት ይከፈላል። ትልቁ ነጠላ ክፍል 80,600፣ ትንሹ 12,704 ነው። በመካከላቸው፣ በግራና በቀኝ፣ እያንዳንዳቸው 21,579 የሆኑ ሁለት ግልባጮች አሉ። ፊደላቸው አንድ፣ አቅጣጫቸው ተቃራኒ ነው። የራይቦዞም (የፕሮቲን መሥሪያው) አርኤንኤ ጂኖች እዚህ ስለሚገኙ እጥፍ ናቸው። አንዱ ሲሳሳት በሌላው ስለሚታረም ለውጥ እዚህ ቀስ ይላል። ግልባጮቹ እርስ በርስ ሲቀያየሩ ትንሹ ክፍል ይዞራል፤ ስለዚህ በአንድ ቅጠል ውስጥ ሁለቱም አቀማመጦች በእኩል መጠን ይገኛሉ። ዞሮ የተነበበ ናሙና አይቶ አዲስ ዝርያ አገኘሁ ማለት የተለመደ ስሕተት ነው።

ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ ጓያና ሽምብራ አንደኛውን ግልባጭ አጥተዋል፤ ቦሎቄ ግን ሁለቱንም ይዞ ቀርቷል። ምንጃር ላይ በብዛት የሚዘራው ሽምብራ ለዚህ ነው 125,319 ብቻ የሚሆነው።

ዲኤንኤው በመሣሪያ የሚነበበው በአጫጭር ቁራጭ፣ «ንባብ» በሚባለው ነው፤ ንባቦቹ በኮምፒዩተር ሲገጣጠሙ ችግሩ ይወጣል። ፕሮግራሙ የገብሱን ሁለት ግልባጮች እንደ አንድ ቆጥሮ 114,883 ሊሰጥ ይችላል። መለያው በየቦታው ያረፈው የንባብ ብዛት ነው፦ ሁለቱ ግልባጮች በተደረቡበት ቦታ ከሌላው እጥፍ ይሆናል። በሽምብራ ደግሞ አጭርና ወጥ ብዛት ያለው ውጤት ትክክለኛው ነው፤ «ግልባጭ ጎድሎታል» ብሎ መጨመር ማበላሸት ነው። ንባቡ በጣም የሳሳ ቁራጭ ከመጣ፣ ቀድሞ ወደ ኒውክሊየስ የፈለሰ የክሎሮፕላስት ዲኤንኤ ሊሆን ስለሚችል አብሮ አይገጠም።

ዲኤንኤውን ለማውጣት ክሎሮፕላስቱን ሳይፈነዳ ከሕዋሱ ለመለየት ለጋ ቅጠል ይመረጣል፤ ተክሉም አስቀድሞ አንድ ሁለት ቀን ጨለማ ውስጥ ይቆያል። አለበለዚያ በክሎሮፕላስቱ የተከማቸው የስታርች ቅንጣት በማሽከርከሪያው (የሕዋስ ክፍሎችን በፍጥነት አሽከርክሮ በሚለየው መሣሪያ) ውስጥ ሽፋኑን ይበሳዋል።

በመጻሕፍት የሚሳለው ቀለበት ካርታ እንጂ ፎቶግራፍ አይደለም። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቀጥ ያለና ቅርንጫፍ ያወጣም አለ። እንደ ኒውክሊየሱ ዲኤንኤ ሂስቶን በሚባሉት ፕሮቲኖች ላይ አልተጠመጠመም፤ ከሌሎች ፕሮቲኖች ጋር ተጠቅልሎ ከውስጥ ሽፋኖች ጋር ተጣብቆ ይገኛል። በአንድ የቅጠል ሕዋስ ውስጥ ከመቶዎች እስከ ሺዎች ቅጂ አለ። ያም ሆኖ ክሎሮፕላስት ራሱን አይችልም፦ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚይዘውን ኢንዛይም፣ የሩቢስኮን፣ ትልቁን ክፍል ራሱ ይሠራል፣ የትንሹ ክፍል ጂን ያለው ግን ኒውክሊየስ ዘንድ ነው።