የድንበር ምስክሮችና ባዶው መቃብር

ከትንሣኤ ቀጥሎ ባለው ሳምንት እያንዳንዱ ቀን የራሱ ስም አለው፤ ሰኞ ማዕዶት፣ ማክሰኞ ቶማስ እያለ ቅዳሜ ቅዱሳት አንስት ላይ ይደርሳል። በዚያ ቅዳሜ ለገጣፎ በምትገኘው አጥቢያችን ተቀምጠን ስንማር አንድ ወጣት እጁን አወጣ። «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን እንላለን። ማስረጃ አምጣ የሚለኝ ሰው ቢመጣ ግን ምን እመልሳለሁ?» ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት «ሎቱ ስብሐት!» አሉ።

እኔ ጥያቄውን ወደድሁት። ቤተ ክርስቲያን «ካላየሁ አላምንም» ያለውን ቶማስን አልደበቀችውም፤ ማክሰኞን በስሙ ጠርታለታለች፣ በዳግም ትንሣኤም ታሪኩን ታነብባለች።

ስለ ምስክርነት የማውቀውን ያህል የተማርሁት ከድንበር ክርክር ነው። ዐምና ከጎረቤቴ ጋር በአጥር ተጣልተን ሽማግሌ ተቀመጠ። ሰፈራችን የዛሬ 25 ዓመት የጤፍ ማሳ ስለነበር የድንበሩ ድንጋይ የት እንደነበረ የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም አሉ። ሽማግሌዎቹ ምስክሮቹን ለየብቻ ጠርተው «በዓይንህ አየህ ወይስ ሰማህ?» እያሉ ጠየቁ። ቃላቸው አንድ ሳይጎድል የገጠመላቸውን ሁለቱን ብዙም አላመኗቸውም፤ መክረው የመጡ መሰሏቸው። የእኔው ምስክር ደግሞ ድንጋዩ እኔ ባልሁት ቦታ እንደነበረ ከተናገረ በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቀው «ቦዩን ግን የቆፈረው በሰው መሬት ላይ ነው» አለ። አፈርሁ። አንድ ክንድ መሬት አሳጣኝ፤ የቀረውን ቃሉን ግን የተቀበሉለት ስለዚያ ቦይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ወንጌልን ሳነብ ቦዩን፣ የተናጋሪውን ወገን የሚጎዳውን ቃል፣ እፈልጋለሁ፤ አጣሁትም አልልም። ጴጥሮስ በአንዲት ገረድ ፊት ይክዳል፤ የቀሩት ይሸሻሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሴቶቹ ነገር ነው። አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፈስ በዚያው በመጀመሪያው መቶ ዓመት ሲጽፍ የሴት ምስክርነት ተቀባይነት አይኑረው ይላል። ሐዋርያትም ቢሆኑ ከዘመናቸው አልራቁም፤ ሉቃስ የሴቶቹን ወሬ ሲሰሙ «ይህም ቃል ቅዠት መስሎ ታያቸውና አላመኑአቸውም» ብሎ ጽፎባቸዋል። ታሪክ ሊፈጥር የተቀመጠ ሰው መግደላዊት ማርያምን ምን ብሎ ያስቀድማል? የአርማትያሱ ዮሴፍ የተከበረ የሸንጎ ሰው ነበር፤ መቃብሩ ባዶ መሆኑን መጀመሪያ ያየው እርሱ ነው ማለት ምን ያስቸግር ነበር?

ቅዱስ ጳውሎስ ከስቅለቱ 25 ዓመት ያህል ቆይቶ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ «የተቀበልሁትን» እያለ ምስክሮችን ይቆጥራል፤ ቃሉ ከደብዳቤው ይቀድማል ማለት ነው። ከጴጥሮስ ጋር 15 ቀን እንደተቀመጠና የጌታን ወንድም ያዕቆብን እንዳየ ለገላትያ ሰዎች ነግሯቸዋል። በቆሮንቶሱ ዝርዝር ኬፋ የተባለው ጴጥሮስ አለ፣ ዐሥራ ሁለቱ አሉ፣ ከ500 የሚበዙ ወንድሞች አሉ፣ ያዕቆብ አለ። ሴቶቹ በስም የሉም! ለሸንጎ የሚቀርብ የምስክሮች ስም ዝርዝር ይመስላል። አራቱ ወንጌላት ግን ማርያምን ከመቃብሩ ደጅ አላነሷትም።

አንዳንድ ስብከታችን ከማስረጃው ይቀድማል ብል አትቀየሙኝ። «ለሐሰት የሚሞት የለም» እንላለን፤ እውነት መስሏቸው ለሐሰት የሞቱ ግን ብዙ ናቸው። ክርክሩ የሚከብደው አየን ባሉት ላይ ብቻ ነው፤ የእነርሱም አሟሟት ሁሉ እኩል አልተጻፈልንም። የያዕቆብ ወልደ ዘብዴዎስ በሐዋርያት ሥራ አለ፤ የጌታ ወንድም ያዕቆብ በድንጋይ መወገሩን ዮሴፈስም ጽፏል። ስለ 500ዎቹም ጳውሎስ «የሚበዙቱ እስከ አሁን አሉ» ማለቱ ሂዱና ጠይቁ የማለት ያህል ነው፤ እኛ ግን ሄደን አንጠይቃቸውም።

ጌታ በጲላጦስ ዘመን መገደሉን ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ እንኳ ጽፎታል። ደቀ መዛሙርቱ አየነው ማለታቸውን፣ አሳዳጁ ጳውሎስ መለወጡን፣ በፊት ያላመነው ያዕቆብ የኢየሩሳሌም አለቃ መሆኑን ታሪክ አዋቂ ሁሉ ሊመዝነው ይችላል። ከዚያ በኋላ ያለው የቶማስ «ጌታዬ አምላኬም» ነው፤ እርሱን ሽማግሌ አይፈርድበትም።

ወጣቱ አልጨረሰም። «እሺ፤ ታዲያ ማርቆስ ምዕራፍ 16 ቁጥር 8 ላይ ሴቶቹ ለማንም አልነገሩም የሚለው ለምንድን ነው?»

መልስ ሳዘጋጅ ሎቱ ስብሐት ያሉት እናት ቀደሙኝ።

«ማን ያምነናል ብለው ነዋ!»