«66 በመቶ ሄት» ሲባል ምን ማለት ነው?

በአሜሪካ የእንሽላሊት ገበያዎች ሌፐርድ ጌኮ ሊገዛ የሄደ ሰው በትንሿ የፕላስቲክ ሣጥን ክዳን ላይ «66 በመቶ ሄት አልቢኖ» የሚል ጽሑፍ ያነባል። እንስሳው ሁለት ሦስተኛው አልቢኖ ነው ብሎ የሚገዛ አይጠፋም። አይደለም።

ሄት ማለት የአልቢኖነትን ዘረ መል በአንድ ቅጂ ብቻ የተሸከመ፣ አልቢኖ ለመሆን ግን ሁለት ቅጂ ስለሚያስፈልግ መልኩ እንደማንኛውም ጌኮ የሆነ ነው። ሁለት ሄቶች ሲዳቀሉ ከሚፈለፈሉት አራት ልጆች በአማካይ አንዱ አልቢኖ፣ ሁለቱ ሄት፣ አንዱ ከዘረ መሉ ነጻ ይሆናሉ። አልቢኖውን ዓይን ይለየዋል፤ የቀሩትን ሦስቱን ግን አርቢው ራሱ አይለያቸውም። ከሦስቱ ሁለቱ ተሸካሚ ስለሆኑ ለእያንዳንዳቸው 66 በመቶ ይጻፍላቸዋል። ቁጥሩ የዕድል እንጂ የመጠን አይደለም።

እንግዲህ የወላጆቹን መዝገብ ያልያዘ አርቢ ይህን ቁጥር ባይጽፍ ይሻላል። የአልቢኖውን ዓይነትም መግለጽ አለበት፤ ትሬምፐር፣ ቤል እና ሬይንዋተር የሚባሉት ሦስቱ የተለያዩ ዘረ መሎች ናቸውና አንዱ የሌላውን አይተካም። ገዢው መሳሳቱን የሚያውቀው እንስሳውን ወራት አሳድጎ ካዳቀለ በኋላ ነው፤ ያኔ ሻጩን ከየት ያገኘዋል?