«ትንሽ ጫን አልኩት፣ አለፈ»፦ ቤታቸው ውስጥ ጥይት በሚሞሉ ሰዎች ዘንድ የተለመዱ ስህተቶች

«ፕሬሱ ያዝ አደረገኝ፣ ትንሽ ጫን አልኩት፣ አለፈ፣ ቀጠልኩ።» አሜሪካ ውስጥ ቀለህ ሰብስበው ጥይት ከሚሞሉ ሰዎች ይህን ወሬ መስማት እጅግ ያታክታል። የሚያወራው ሰው ችግር የፈታ ይመስለዋል። እውነቱ ግን እጁ የነገረውን ማስጠንቀቂያ አልፎ፣ ከዚያ በኋላ የሠራውን ጥይት በሙሉ አጠራጣሪ ማድረጉ ነው።

ፕሮግረሲቭ ፕሬስ የሚባለው ጥይት መሙያ ማሽን እጀታው አንዴ በተሳበ ቁጥር አራት ወይም አምስት ቀለህ ላይ በአንድ ጊዜ የተለያየ ሥራ ይሠራል። አንዱ ላይ ያረጀውን ፕራይመር (ቀለሁ መቀመጫ ላይ ያለውን፣ ሲመታ ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን ትንሽ ቆብ) ገፍቶ ያወጣና ቀለሁን ወደ ልኩ ይመልሳል፣ ሌላው ውስጥ ባሩድ ይጨምራል፣ ቀጣዩ ላይ አረሩን ይተክላል፣ መጨረሻው ላይ አፉን ጨምቆ ያስተካክላል። ቀለሆቹ የሚቆሙበትና የሚዞሩበት ሰሌዳ ሼል ፕሌት ይባላል። አንዱ ቦታ ላይ የተፈጠረ እንከን የሌሎቹንም ሥራ የሚያቋርጠው ሁሉም በአንድ እጀታ ስለሚንቀሳቀሱ ነው።

«ሲይዝ ነቅንቆ ማስለቀቅና መቀጠል ነው»

አይደለም። እጀታው መሃል መንገድ ላይ ቆሞ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ሲሳብ፣ ሼል ፕሌቱ ሳይዞር ያው ቀለህ ባሩድ መለኪያው ሥር ሁለተኛ ጊዜ ሊገባ ይችላል። መለኪያው እስከዚያ በሙሉ ይሙላ በከፊል ከውጭ አይታይም። ውጤቱ እጥፍ ባሩድ ወይም አንድ ተኩል ነው። በእጅ በሚዞሩት፣ ለምሳሌ በዲሎን 550 ላይ ነገሩ የበለጠ ግልጽ ነው፤ ሳያዞሩ ሁለቴ መሳብ እጥፍ ይሞላል፣ ሁለቴ ማዞር ደግሞ ባዶውን ያሳልፋል። «የኔ ራሱ ስለሚዞር አያሳስበኝም» የሚል ሰው የሚረሳው ፕሬሱ በራሱ የሚዞረው እጀታው ሙሉ መንገዱን ሲጨርስ ብቻ መሆኑን ነው።

9 ሚሊሜትር የሽጉጥ ጥይት ውስጥ የሚገባው ባሩድ እንደ ዓይነቱ ከ4 እስከ 6 ግሬን አካባቢ ነው። 4 ግሬን 0.26 ግራም ብቻ ነው። ፈጣንና ጥቅጥቅ ካሉት ባሩዶች እጥፉ ቢጨመር እንኳ ከቀለሁ አፍ አይፈስም፤ አረሩ ላዩ ላይ ተተክሎ እንደ ደህናው ያልፋል። ባዶው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ፕራይመሩ ብቻውን አረሩን አፈሙዙ ውስጥ ገፍቶ ይወትፈዋል፣ ቀጣዩ ጥይት ሲተኮስ አፈሙዙ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ስትተኩሱ ድምፁ ደከም ካለ ወይም መሣሪያው እንደወትሮው ወደ ኋላ ካልረገጣችሁ ሁለተኛ ቃታ አትሳቡ። መሣሪያውን አራግፋችሁ የአፈሙዙን ቀዳዳ እዩ።

ፕሬሱ ሲይዝ የሚደረገው ይህ ነው። እጃችሁን አቁሙ። ባሩድ ከሚጨመርበት ቦታ ጀምሮ ሼል ፕሌቱ ላይ ያለውን ቀለህ በሙሉ አውርዱ። ባሩዱን ወደ መለኪያው ሳይሆን ሚዛኑ ላይ ገልብጡ፤ ምን ያህል እንደነበረ ስታዩ ምን እንደተበላሸም ትረዳላችሁ። ከዚያ ምክንያቱን ፈልጉ፦ የተገለበጠ ፕራይመር፣ ሌላ ቀለህ የተሰካበት ቀለህ፣ አፉ የተጨማደደ ቀለህ፣ ከሼል ፕሌቱ ሥር የተበተነ ባሩድ። ፕራይመር መትከያው ላይ ከያዘ ደግሞ በፍጹም ጉልበት አትጠቀሙ። ፕራይመር የተሠራው ሲመታ እንዲፈነዳ ነው፣ በኃይል ሲጫኑትም ሊፈነዳ ይችላል፤ ከላዩ ደግሞ እስከ መቶ የሚደርስ ፕራይመር የያዘ ቱቦ ቆሟል። መነጽር ሳያደርጉ እዚህ ሥራ ላይ መቀመጥ አይገባም።

«የተጠራጠርኩትን ጨርሼ መዝኜ እለየዋለሁ»

ይህ ብልሃት ሰውን አስተማማኝ ስለሚመስለው ነው አደገኛ የሆነው። ከተለያየ ፋብሪካ የመጡ የ9 ሚሊሜትር ቀለሆች በክብደት እርስ በርስ 5 ግሬንና ከዚያም በላይ ይለያያሉ። ልዩነቱ ከባሩዱ ሙሉ መጠን ጋር እኩል ሆነ ማለት ነው። ከባድ ቀለህ ባዶውን እንደ ሙሉ ያስመስላል። የሚያዋጣው አረሩ ከመተከሉ በፊት እያንዳንዱን ቀለህ በዓይን ማየት ነው፤ ትንሽ መብራት ፕሬሱ ላይ ግጠሙና ወደ ውስጥ ተመልከቱ። መለኪያውን አዲስ ስትሞሉ የመጀመሪያዎቹን አስር መጠኖች ወደ መለኪያው መልሱ፣ ባሩዱ እስኪረጋጋ ድረስ ይዛነፋልና። ከዚያ በየ20ው ወይም በየ50ው አንዱን መዝኑ።

«ፕራይመሩ ከፍ ብሎ የቀረው ፕራይመሩ መጥፎ ስለሆነ ነው»

ዘጠኝ ጊዜ ከአስር ጥፋቱ የእጅ ወይም የሼል ፕሌት ነው። በአብዛኞቹ ፕሬሶች ፕራይመሩ የሚገባው እጀታውን ስትስቡ ሳይሆን መልሳችሁ ወደ ፊት ስትገፉት ነው፤ ቸኩሎ ግፊቱን የሚያሳጥር ሰው ሁሌም ከፍ ያለ ፕራይመር ይኖረዋል። ሼል ፕሌቱ ከላላ ቀለሁ ሲገፋ ወደ ላይ ይነሳል። አጥብቁት፣ መዞር እስኪያቅተው፤ ከዚያ በነፃነት እስኪዞር ድረስ ብቻ ጥቂት አላሉትና መቆለፊያ ብሎኑን እሰሩ። መትከያው ሥር የተጠራቀመ ባሩድ ካለ በብሩሽ ጥረጉ። የወታደር ቀለህ ከሆነ የድሮው ፕራይመር ዙሪያ የተጨቆነ ቀለበት አለው፤ ቀለበቱ ሳይነሳ አዲስ ፕራይመር አይገባም።

ልኩ ከቀለሁ መቀመጫ 0.1 ሚሊሜትር ያህል ገባ ማለት ነው። የተሞላውን ጥይት ጠፍጣፋ መስታወት ላይ በመቀመጫው አቁሙት፤ ከተንገዳገደ ፕራይመሩ ወጣ ብሏል። እንዲህ ያለው በመጀመሪያው ምት ከሽፎ በሁለተኛው ሊተኮስ ይችላል። «መልሼ ፕሬሱ ላይ ጫን ላድርገው» ማለት ግን አይቻልም፣ አሁን በውስጡ ባሩድና አረር አለ። አረሩ ተነቅሎ ይፈታል።

«አፉን አጥብቄ ከጨመቅኩት አረሩ አይነቃነቅም»

ለ9 ሚሊሜትር እውነቱ ተቃራኒው ነው። አረሩን የሚይዘው የቀለሁ ግድግዳ ጥበት እንጂ አፉ ላይ ያለው ጭመቃ አይደለም። ከመጠን በላይ ስትጨምቁት ናሱ ይለጠጥና ይመለሳል፣ አረሩ ግን እንደተጨመቀ ይቀራል፤ መያዣው ላላ ማለት ነው። አፉ ላይ ካሊፐሩ 9.60 ሚሊሜትር አካባቢ ካሳየ ይበቃል። ርዝመቱን ለኩ፣ የአረሩን ጫፍ ጠረጴዛ ላይ አጥብቃችሁ ግፉ፣ እንደገና ለኩ። ካጠረ መጀመሪያ ቀለህ አጥባቂውን ዳይ (ቀለሁን ወደ ልኩ የሚመልሰውን ቅርጽ ማስያዣ) እዩ፣ ቀጥሎም አረሩ እንዲገባ የቀለሁን አፍ የሚያሰፋው አፍ ከፋቹ አብዝቶ እንዳይሆን።

ትንንሾቹ

«ዘይት የነካው ፕራይመር ሞቷል»። እምነት አይጣልበትም፣ ደርቆ ሊፈነዳ ይችላል።

«ርዝመቱን በአንድ ቀለህ አስተካክዬ ጨረስኩ»። ሼል ፕሌቱ ሲሞላ ፕሬሱ ይለጠጣል፣ ርዝመቱም ይለወጣል። የመጨረሻውን ማስተካከያ ሁሉም ቦታ ተይዞ አድርጉት።

«ማንኛውም ቀለህ ይሞላል»። በክላሽ የምናውቀው የሶቪየት ብረት ቀለህ ውስጡን በባትሪ ብታዩት በአብዛኛው መሃል ላይ አንድ ሳይሆን ጎንና ጎን ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ አለው። የፕራይመር ማውጫውን መርፌ ይሰብራል። ከመጀመር በፊት በማግኔት ለይታችሁ አስወጡት።

«ለራሴ እንደምሞላው ለጓደኛም ብሸጥ ምን አለበት»። ለሽያጭ ጥይት መሥራት በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የአምራች ፈቃድ ይጠይቃል።